ከደረጃው ሥር አፏጭላት

ሾፌሩ ባለቤቴ፣

ይህን የውጭው በር ላይ የለጠፍኩት ሳትገባ እንድታነበው ብዬ ነው።

ዛሬ ጠዋት የውሻችን ሁለተኛው ጉልበትም ከዳት። ከነፍራሿ ጎትቼ እዚያው ፎቅ ላይ ሳሎን አስተኝቻታለሁ። የእንስሳት ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ ቤት ድረስ መጥቶ በመርፌ እስከወዲያኛው ያሳርፋታል። እኔም ከስፌት ቤቱ አስፈቅጄ እደርሳለሁ።

ማስታገሻዋን በእርጎ ለውሰህ ስጣት፤ ደረቁን እንደምትተፋው ታውቃለህ። ውሃውን አፏ ድረስ አቅርብላት።
ዳግም እንዳትወርድ ብለን ደረጃው አናት ላይ ያሰርነውን ሳንቃ አንሳው። ከእንግዲህ ማንን ይከለክላል?

ያን ነገር በተመለከተ።
ደረጃ ክልክል ነው ከተባለች በኋላ ረስተህ ከታች አፏጨህላት፤ እየዘለለች ስትወርድ የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። እኔም ያን ቀን አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩህ። ከዚያ ወዲህ እንደ ሌባ ጫማህን አውልቀህ ነው የምትገባው።
ዛሬ ስደውልለት ሐኪሙ፣ ጅማቱ በእርጅና ያለቀ ስለነበር አንተ ባታፏጭም መበጠሱ አይቀርም ነበር አለኝ።
ይኸው ነግሬሃለሁ።

አንድ የማታውቀው ነገር አለ። የመግቢያ ሰዓትህ ሲደርስ ሁልጊዜ እየተጎተተች ሄዳ ሳንቃው ሥር ትተኛለች። አንተ ድምፅህን አጥፍተህ ትገባለህ፤ እሷ ግን አሁንም ፉጨትህን ነው የምትጠብቀው።

ስለዚህ ዛሬ ጫማህን አታውልቅ። እዚያው ደረጃው ሥር ቆመህ እንደ ድሮው አፏጭላት።

መነሳት አትችልም።
ጆሮዋን ግን ታቆማለች።