በነጻ የተሰጠን ክፍል

ለታናሽ እህቴ ለዩንፋ፣
ሊዝበን

እንዴት ነሽ እህቴ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ደረጃውን ቀስ እያልሽ መውጣት ጀመርሽ ወይስ ዛሬም እንደ ልጅነትሽ ካልሮጥኩ ትያለሽ? ያ ጆሮሽ ላይ የምትሰኪው ማዳመጫ እያፏጨ አስቸገረኝ ብለሽኝ ነበር፤ አሁን ተሻለ? ባለቤትሽ ዶሚንጎስስ ሳሉ ለቀቀው? ልጅሽ ቴሬዛ ሥራዋ እንዴት ነው? ትንሿ ልጇስ ጥርስ አበቀለች? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። ፊደሉ ከተጣመመብሽ ከእርጅና ነው እንጂ ካለማወቅ አይደለም። በስልክ እንዳልነግርሽ አንቺ «ምን? ምን አልክ?» ስትይኝ እኔ ስጮህ ፎቁ ሁሉ ይሰማናል። ልጻፍልዎ ያለችኝ ሰው ነበረች፤ እምቢ አልኩ። የቤቴን ጉዳይ የምጽፈው ራሴ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት የላክሁልሽን ደብዳቤ ለማንም እንዳታነቢ። ምናልባት ከዚህኛው ጋር እኩል ይደርስሽ ይሆናል። ዶሚንጎስ ቀድሞሽ ከፍቶ ለጎረቤት አንብቦት ከሆነም ዝም በይ፣ የሆነው ሆኗል። ልጄ ዋይሎክ ሰባ ስምንተኛ ዓመቴን ምክንያት አድርጎ ትልቅ ሆቴል ውስጥ እንደ ንጉሥ አስቀመጠኝ ብዬ የተኩራራሁበትን ማለቴ ነው። ውሸት አልጻፍኩም፤ ያኔ የማውቀው ያንን ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር አውቄአለሁ።

ሆቴሉ የቆመው እኔና አንቺ ሸርጣን ስንለቅምበት የነበረው ጭቃ ላይ ነው። ባሕሩን በአፈር ሞልተው፣ አሁን መርከብ የሚያህሉ ቤቶች ደርድረውበታል። በሩ ላይ ሁለት የወርቅ አንበሶች አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል። ጣሪያው ሰማይ ተስሎበት ደመናው ሳይቀር አለ፤ የማይመሽ ሰማይ ነው፣ ሰዓት ደግሞ የትም አልሰቀሉም። ወርቃማዎቹን ምሰሶዎች በጣቴ አንኳኳኋቸው። አርባ ሦስት ዓመት ጀልባ የሠራ ሰው እንጨትና ድንጋይ በድምፁ ያውቃል። ባዶ ናቸው! ዋይሎክ «አባ፣ ሰው እያየህ ነው፣ ተው!» አለኝ። እኔ ደግሞ «ይዩኝ፤ ይሄ ምሰሶ እኮ አንዲት ድመት አይሸከምም» አልኩት። ያኔ እየሳቅን ነበር።

አልጋው ሲውጠኝ ጊዜ ብርድ ልብሴን ይዤ መሬት ላይ ወረድኩ። ሽንት ቤቱ ሰው ሲቀርበው ክዳኑን ራሱ ይከፍታል፤ የመጀመሪያ ቀን ደንግጬ ወደ ኋላ ዘልያለሁ፤ ይህንን ለዶሚንጎስ ብትነግሪው ግድ የለኝም።

የመጣነው ለሁለት ሌሊት ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሆቴሉ ልብስ የለበሰች ልጅ፣ ቁመቷ በር የሚያክል፣ የፍራፍሬ ቅርጫት ይዛ መጣች። «እንኳን ደስ አለዎት አባባ፣ ሁለት ቀን ተጨምሮልዎታል» አለችኝ። ማን ከፈለ ብላት «ስጦታችን ነው» አለች። እኔ ደግሞ ያልከፈልኩበት ጣሪያ ሥር አድሬ አላውቅም። ቀጥ ብዬ ወደ እንግዳ መቀበያው ወርጄ ከኪሴ ገንዘቤን አውጥቼ የሁለቱን ቀን ተቀበሉኝ አልኳቸው። ጸሐፊው ገንዘቡን በሁለት እጁ አክብሮ መለሰልኝና «የእርስዎ ልጅ ውድ እንግዳችን ናቸው» አለኝ። ልቤ በኩራት ሞላ። እንዲያውም ያንን ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ከዚያ እንደተመለስኩ ነው።

ክፍሉን የምታጸዳዋ ሶሊን የምትባል የኮሎዋን መንደር ልጅ ናት። አባቷን ታውቂዋለሽ፤ በኛ ጀልባ መሥሪያ የሳንቃውን ስንጥቅ እየደፈነ የሚውለው ያ ተሳዳቢው። እሷም አፏ እንደ አባቷ ነው። አልጋ እያነጠፈች «አባባ፣ አይቆጡኝና እንዲህ ያለ ክፍል በነጻ የሚሰጡት ለማን ይመስልዎታል? ለሚያሸንፋቸው ሰው?» አለችኝ። «አንቺ አንሶላሽን አንጥፊ!» አልኳት። «እያነጠፍኩ ነው፤ አንሶላ ደግሞ ጆሮ አይደፍንም» ብላኝ ወጣች።

በንዴት ተቀመጥኩ። ከሆቴሉ ሥር ቁማር ቤት እንዳለ አውቃለሁ። ልጄ የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው፣ የራሱ ሱቅ አለው፣ ምን ቁማር ያውቃል አልኩ። ጠዋት ጠዋት «የሥራ ሰዎች አገኛለሁ» ብሎ ይወርድ ነበርና አመንኩት።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ሸሚዝ ሊቀይር መጣ። እኔ ጠረጴዛው ላይ የመማሪያ መጽሐፉን ዘርግቻለሁ። ባለቤቴ ዩክሃ ካረፈች ጀምሮ ላንቺ የምትጽፍልኝ ሰው ስለሌለኝ ፊደል የተለማመድኩበት፣ ዋይሎክ ራሱ አንደኛ ክፍል የተማረበት፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ዳክዬ ያለበት። ዛሬም ስጽፍ አጠገቤ ካልሆነ እጄ አይታዘዘኝም። ዋይሎክ ገና ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ። «አባ! ይሄን ነገር ማነው እዚህ ያመጣው?» አለና ፎጣ ጣለበት። «መጽሐፍህ ነው እኮ» አልኩት። «ስሙን አትጥራው!» ብሎ ጮኸብኝ። በርግጥ ጮኸብኝ።

አንቺ እዚያ ብዙ ስለቆየሽ ረስተሽው ይሆናል። በቋንቋችን «መጽሐፍ» ስንልና «መሸነፍ» ስንል ድምፁ አንድ ነው። የዘመን መቁጠሪያውን መጽሐፍ እንኳ ስሙን ቀይረው «ሁሉ ድል» የሚሉት እነማን እንደሆኑ ታስታውሺ የለ? መጽሐፍ የሚፈራ ሰው አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ ቁማርተኛ። በክፍሉ ሁሉ አንደኛ ይወጣ የነበረ ልጅ፣ እናቱ ሌላ ሁሉ ቀርቶባት መጽሐፍ የገዛችለት ልጅ፣ የገዛ ዳክዬውን በፎጣ ሸፈነ። ሶሊን ያለችኝ እውነት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እሱም ሸሚዙን ቆልፎ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ በሩ ሲንኳኳ ቶሎ አልከፍትም። ያቺ ረጅም ልጅ የምታመጣውን እያየሁ ልጄ ታች ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ቀን የሐር ካባ አመጣች። አንድ ቀን የባሕር ቀንድ አውጣ በብር ሳህን። «ምነው አባባ፣ አይወዱትም?» ትላለች ምስኪን። ካባውን አልለበስኩም፤ ወንበሩ ላይ ሰው መስሎ ተቀምጧል። ትላንት ደግሞ «ወደ ተሻለ ክፍል እናዛውርዎ» ብለው ፒያኖ ያለበት ክፍል አስገቡኝ። እኔ ፒያኖ ምን ያደርግልኛል? ይሄን ያህል የሚያሰጥ ሽንፈት ምን ያህል ይሆን?

ለምን ጥለኸው ቤትህ አትገባም ትይኝ ይሆናል። ዋይሎክ በቀን ሁለቴ የሚወጣው እኔ መብላቴን ለማየት ነው። የሩዝ አጥሚቴን ስጠጣ አጠገቤ ይቀመጣል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ሄደ። እኔ ከሌለሁ ወደ ላይ የሚያመጣው ምንም ነገር የለም። ስለዚህ ቁጭ ብያለሁ።

ሶሊን፣ ይቅርታ ስጠይቃት «አይ፣ ሽማግሌ ይቆጣል፣ ለምጃለሁ» አለችና ከፎጣ መሃል አንድ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። የመንግሥት ወረቀት ነው። አንድ ሰው ቁማር ቤት እንዳይገባ ስሙ ተመዝግቦ በር ላይ ይከለከላል። ቤተሰብ ማመልከት ይችላል፣ ሰውየው ግን ራሱ ካልተስማማ ዋጋ የለውም። ሁለት ቀን ፈጅቶብኝ በገዛ እጄ ሞላሁት። ከዚያ አጥሚቴን ልጠጣ ስንቀመጥ ፊቱ አደረግሁና «ፈርም» አልኩት። ተለማማጆቼን መዶሻ አምጣ እንደምላቸው። አንብቦ በአራት አጠፈውና «አባ፣ አንተ በሕይወትህ ለአንድ ሰው እባክህ ብለህ ታውቃለህ?» አለኝ። ብሎኝም ወጣ።

እስከዚህ የጻፍኩት ትላንት ነው። አሁን የምጽፍልሽ የዛሬውን ነው።

ዛሬ እኩለ ቀን አለፈ፣ አልመጣም። አጥሚቱ ቀዘቀዘ። ጫማዬን አድርጌ ወረድኩና የቁማር ቤቱን በር በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አለፍኩት። ምንጣፉ የእግርን ድምፅ ይውጣል። አንዱ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰው ተሰብስቦ «እፍ በለው! እፍ!» ይላል። መሃል ላይ የተቀመጠው ልጄ ነው። ካርታዋን ከጥጓ ትንሽ ትንሽ እያጠፈ፣ ቁጥሯን በትንፋሹ ሊያጠፋት እፍ ይላል፤ የልደት ሻማ እንደሚያጠፋ ሕፃን። አንገቱ እናቱን ይመስላል። ሸሚዙ የትላንቱ ነው።

አረንጓዴ አምባር ያደረገች ወፍራም ሴት «ሽማግሌ፣ ከጀርባው ዞር በል፣ ጥላህ ከበደን!» አለችኝ። ዞር አላልኩም። ቁማርተኛ ትከሻው እንደማይነካ እኔም አውቃለሁ፤ ዕድሉን ያራግፍበታል ይላሉ። እያወቅሁ እጄን ትከሻው ላይ ጫንኩ። ጠረጴዛው በሙሉ «ውይ!» አለ። ዋይሎክ ሊማታ ዞረና እጄን አየ፤ መጋዝ ጫፉን የወሰደውን ጣቴን። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«አባ፣ እጅህን አንሳ» አለኝ። አላነሳም አልኩት። «ሰው እያየን ነው፣ አንሳ!» አለ። ያን ጊዜ ያቺን ቃል አልኳት። ድምፄ አልወጣም መሰለኝ፣ «ምን አልክ?» አለ። «ሰምተሃል» አልኩት። «አልሰማሁም፣ ድገመው» አለኝ። እህቴ፣ አንቺ በመርከብ ስትሄጂ ወደቡ ላይ ቆሜ እንድትቀሪ እየፈለግሁ «እንግዲያስ ሂጂ» ያልኩሽ ሰው እኔ ነኝ። ዛሬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «እባክህ ልጄ፣ እንውጣ» አልኩ።

ሴትየዋ «አባቱ ነው እንዴ? በል ሂድ አንተ፣ ትከሻህማ ተነክቷል፣ ዛሬ ምንም አይመጣልህም!» አለች። ሰዉ ሳቀ። ዋይሎክ ካርታውን ሳይገልጠው አስቀመጠና ተነሣ። በአሳንሰሩ ወደ ላይ ወጣን።

አሁን እዚህ ትልቁ አልጋ ላይ ጫማውን እንዳደረገ ተኝቷል። ወረቀቱ ፒያኖው ላይ ነው፤ አልፈረመም። የተነሣው ለኔ ብሎ ይሁን ትከሻው ስለተነካ፣ ይሄን አላውቅም። በየመስመሩ ቀና እያልኩ ትንፋሹን አያለሁ። ሲነቃ ወረቀቱን አንሥቶ ይፈርም ይሆናል፣ ወይም ፊቱን ታጥቦ ዕድሌ ታደሰ ብሎ ይወርዳል። እኔ ያለችኝ አንዲት ቃል ነበረች፣ አውጥቻታለሁ።

እናቱ ርችት ፋብሪካ ስትውል ያደገው ባንቺ ጀርባ ላይ ነው። አንቺ ስትቆጪው ያለቅሳል፤ እኔ ስቆጣው ይጠነክራል፤ ልጅ ሳለም እንዲሁ ነበር። የመቃብር ጠረጋው በዓል አሥራ ሰባት ቀን ቀርቶታል። የዩክሃን መቃብር ለማጽዳት ነው የመጣሁት በይ፤ ሌላውን እዚሁ ስትደርሺ እንነጋገራለን። ነይ አልልሽም። እባክሽ ነይ ነው የምልሽ።

ዶሚንጎስን ሰላም በይልኝ። አዎ፣ ተሳስተሽ አላነበብሽም። እህቴን ስለወሰደብኝ ስሙን ሳልጠራ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ፤ አሁን ደግሞ ላንድ ወር ያህል እንዲለቅልኝ ለምኜዋለሁ በይው፣ ሳሉንም ይጠንቀቅ። ቴሬዛን በጣም ሳሚልኝ፤ አጎትሽ ፎቶግራፍሽን ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል በያት። ትንሿን ባለ ጥርስ ጉንጯን ነክተሽ ሰላም በያት፤ የማታውቀው ሽማግሌ ነው በያት። ሶሊንም አባቷን የምታስታውሺው ከሆነ ሰላም ብላሻለች። ዋይሎክም ሰላም ይልሻል ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ተኝቷል፣ ያላለውን አልጽፍም። ሲነቃ ራሱ ይበልሽ።

ወንድምሽ ሌይ ሳምኬይ

ማካው፣ ፒያኖ ካለበት ክፍል
በፈረስ ዓመት፣ በሁለተኛው ጨረቃ አሥራ ዘጠነኛ ቀን