ስንዝር የተረፈው ብስክሌት

ማክሰኞ፣ የካቲት 5፤ ደባርቅ

የክፍሌን ልጅ ብርሃኑን ካሁን ወዲያ አላምነውም። ለትምህርት ቤቱ ፕሮጀክት የብስክሌት ፍሬም የሠራሁት በአባባ ልክ ነው። ቄስ ስለሆኑ፣ ቀሚሳቸው እንዳይያዝባቸው የላይኛውን ቱቦ ዝቅ አደረግሁት። በማግስቱ የብርሃኑም ቱቦ ዝቅ ብሎ አየሁ። “ከኔ ነው የቀዳኸው?” ስለው፣ “ባክሽ ተይኝ! እኔም በአባቴ ልክ ነው የሠራሁት” ብሎ ማለልኝ።

ዛሬ አባቶቻችን መጥተው ብስክሌቶቹን ሞከሩ። አባባ ሲወጡ እግራቸው ፔዳሉ ላይ አልደርስ አለ። ለካ ቁመታቸውን ስለካ ጥምጥማቸውን አላወለቁም ኖሯል፤ ኮርቻው አንድ ስንዝር ከፍ ብሏል። አፈርኩ።

ቀጥሎ የብርሃኑ አባት በልጃቸው ብስክሌት ላይ ወጡ። የሳቸውም እግር በስንዝር ተንጠለጠለ።

እሳቸው እኮ የሚኒባስ ሹፌር ናቸው። ጠምጥመው አያውቁም።