ከነቢል ጋር አብሮ የሚሄድ

ሰኞ
ፌስታሉን ሳይ ሞቷል አልኩ። የድንገተኛ ክፍሏ ነርስ "የወንድምሽ ነው" ብላ እጄ ላይ ጣል አድርጋው ሄደች። ቀበቶ፣ በመቀስ የተቀደደ ሱሪ፣ አንድ እግር ጫማ። ነቢል ግን በሕይወት አለ፤ ራሱን አያውቅም እንጂ። የሚነዳው የጭነት መኪና ሁርሶ መንገድ ላይ ተገልብጦ ግራ እግሩን ተጭኖታል።

እማ ፌስታሉ ላይ የታተመውን እንግሊዝኛ በጣቷ ነካ አደረገች። "ምን ይላል?"

"ቢሎንጊንግስ። ንብረት ማለት ነው።"

"የሟች ንብረት?"

"ኧረ አቦ፣ እማ! የማንም ሰው።"

አላመነችኝም።

ማክሰኞ
አልነቃም። እማ ፌስታሉ ቤት አይገባም ስላለች በር ላይ ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ለስድስተኛ ክፍል ስንት ጊዜ ያስተማርኩት ቃል! ከየት እንደመጣ ግን አስቤ አላውቅም። ስልኬ ላይ ፈለግኩ። ድሮ "አብሮ መሄድ" ከሚል ቃል ነው አሉ የተወለደው። ንብረት ብዬ መተርጎሜ አሳፈረኝ። ለእማ ነገርኳት፤ ከሰው ጋር አብሮ የሚሄድ ነገር ማለት ነው አልኳት።

"ታዲያ ለምን ለዩበት?" አለች። ወጥታ ፌስታሉን አወረደችና አቅፋው ገባች።

ረቡዕ
ሐኪሙ አስጠራን። እግሩ ሞቷል። ካልተቆረጠ ነቢል አይተርፍም፤ ቤተሰብ ይፈርም።

"ወላሂ አልፈርምም!" አለች እማ። ወደ እኔ ዞረች። "ጫማው እንኳ አብሮት ይሄዳል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? እግሩን ቁረጡ ልበል?"

አባታችን የለም። እኔ ፈረምኩ። ስሜን ጥርት አድርጌ ጻፍኩ፤ ይኼ ራሱ አስፈራኝ።

ሐሙስ
እግሩን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡን። አጎቴ አብዲ ወስዶ ቀበረው። "ጉድጓዱ የሕፃን ያህል ነው" አለኝ። የነቢል ትኩሳት ትንሽ ወርዷል። እማ ከትናንት ጀምሮ አታናግረኝም። ጎን ለጎን ተቀምጠን ዋልን።

ዓርብ
ነቃ! አልሃምዱሊላህ። ከንፈሩን በጥጥ አረጠብኩለት። አወቀን።

"እማ፣ ግራ እግሬን ያሳክከኛል። እከኪልኝ።"

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እማ ግን ጎንበስ ብላ አንሶላውን፣ ምንም የሌለበትን ቦታ፣ በጥፍሯ ማከክ ጀመረች።

"እዚህ ጋ?"

"ትንሽ ዝቅ..."

ዝቅ አለች። "እፎይ" አለና ተመልሶ ተኛ። ይወቅ አይወቅ አልገባኝም። ማን እንደሚነግረውም አልተነጋገርንም። እማ ቀና ሳትል "ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ" አለችኝ።