የሊቀ መንበሩ ንስሐ አባት

ሐሙስ
አስጠላኝ። የዘር ገብስ የሚታደለው ዛሬ ነበር። የኅብረት ሥራ ማኅበራችን ሊቀ መንበር አያ ደምሴ ግን መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ «ቆጠራ ላይ ነን» ይላል። በሩ ተቆልፎ በምን ዐይኑ እንደሚቆጥር እንጃለት። እናኑ ባዶ ጆንያዋን ይዛ ተመለሰች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላትን ዘር ሁሉ በመኸር ለማኅበሩ አስገብታለች፤ ቤቷ አንድ ቁና የለም። በዚህ ሳምንት ካልዘራች ዓመቱ አመለጣት።

ዓርብ
ጎረቤቴ የማኅበራችን ምልክት ያለበትን ጆንያ ጋሸና ገበያ ላይ አየሁ አለኝ። ከገብስ ጋር።
ደንባችንን አውጥቼ አነበብኩ። የማኅበሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ደንቡ ያምራል። አንድ አባል፣ አንድ ድምፅ፤ ባለ አሥር ዕጣም ባለ አንድ ዕጣም እኩል። የበላዩ ጠቅላላ ጉባኤ። ሊቀ መንበሩን የሚቆጣጠር የቁጥጥር ኮሚቴ፤ ሰብሳቢ፣ መምሬ አያሌው።
መምሬ አያሌው የደምሴ ንስሐ አባት ናቸው። «የሰዉን ገመና ሁሉ የሚያውቁ እርሳቸው ናቸው» ብለን በጭብጨባ መረጥናቸው። ጠቋሚው እኔ ነበርኩ። ስለ ኅብረት ሥራ ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብኩት ለዚህ ነው።

ቅዳሜ
መምሬ ቤት ሄድኩ። የደምሴን ስም ሳነሳ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።
«የምናገረው የለኝም፣ ልጄ።»
«አያውቁም ማለት ነው?»
«የምናገረው የለኝም አልኩህ እኮ!»
ሁሉንም ያውቃሉ። የሌላ አገር ተቆጣጣሪ ስላላወቀ ዝም ይላል፤ የእኛው ስላወቀ።

እሑድ
ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤ። ደምሴ ስለ አንድነት ሰበከ፣ ሰበከ። ግማሹ አባል አበ ልጁ፣ ግማሹ አማቹ፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። እናኑ ተነሳች።
«መምሬ፣ የሰውን ንስሐ ይያዙ፤ አልነካብዎትም። መጋዘኑ ግን ንስሐ አልገባም። ይከፈት!»
«በአንድ ዕጣ ይሄ ሁሉ ምላስ?» አለ ደምሴ።
«በአንድ ድምፅ ነው። ጸሐፊ፣ ዋሸሁ?»
«አልዋሸሽም» አልኩ።
ድምፅ ሲሰጥ ቀድመው እጃቸውን ያወጡት መምሬ ናቸው። አበ ልጆቹ ተከተሉ።
ተከፈተ። የፊቶቹ ጆንያዎች ገብስ፣ የኋለኞቹ ገለባ። ደምሴ መቼ እንደወጣ አላየሁም። ቤቱ ዘር የሌለው ይቅደም ብለን ወሰንን። እናኑ ሙሉ ድርሻዋን ጫነች። «በሰንበት?» ያለ ነበር፤ መምሬ ሲያፈጡበት ጆንያውን አብሮ አነሳ። ነገ ማለዳ ትዘራለች።
እርሷ ከሄደች በኋላ በደምሴ ምትክ ሊቀ መንበር ጠቁሙ ተባለ። አበ ልጆቹ የደምሴን ታናሽ ወንድም ጠቆሙ። ማጨብጨብ ተጀመረ። ዞር ዞር አልኩ፤ ሁሉም ያጨበጭባል። «ተቃውሞ አለኝ» ያልኩት እኔ ነኝ። ምርጫው ለሳምንት ተላለፈ።