ከሐይቁ ማዶ ያለው ሰው

ጥቅምት 4
ዛሬ አሥራ አንድ ጎብኚ። እንደወትሮው የወፎቹ ደሴት፣ ፏፏቴው፣ የጥንት ሥዕል ያለበት ዋሻ። አንዱ ሽማግሌ ሥዕሉን ትኩር ብሎ አይቶ፣ የልጅ ልጄ ከዚህ የተሻለ ትሥላለች አለ። የት አባቷ! ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት ትሥል ነበር?
እግሬ ርሶ ቤት ገባሁ። እማዬ እርጥብ ጫማዬን ስታይ ፊቷን አዞረች። ጎብኚ በጀልባ ያመላልስ የነበረውን ወንድሜን ሐይቁ ከበላው ሰባት ዓመት ሆነው፤ እሷ ወደ ውሃው ዝር ብላ አታውቅም። የኔ ሥራ ደግሞ ሐይቁን ማስጎብኘት... ምን ይደረግ?

ጥቅምት 5
ቀስ ብዬ ልጻፈው።
ከትናንቶቹ ጎብኚዎች አንዷ፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ ልትሰናበተኝ ቢሮ መጣች። ባለፈው ሳምንት የሐይቁን ሰሜን ዳርቻ አይታ ነበር። በስልኳ ፎቶ ታሳየኝ ጀመር። ፍልውሃው... የሸማኔዎቹ መንደር... ሸምበቆ አስረው ጀልባ የሚሠሩ ሰዎች። አንዱ ጎንበስ ብሎ ገመድ ያጠብቃል። አሳድጊልኝ አልኳት። የግራ ጆሮው ጫፍ የለም።
ልጅ ሳለን ወንድሜ ከውሻ ሊያስጥለኝ ገብቶ ነው የተነከሰው። ያንን ጆሮ እኔ ካላወቅኩት ማን ያውቀዋል?
"ታውቂዋለሽ?" አለችኝ።
"አይ።"
ለምን ዋሸሁ?

ጥቅምት 6
ለእማዬ አልነገርኩም። ሰው ከሰው ይመሳሰላል። ጆሮስ?

ጥቅምት 8
እሱ ነው። በሕይወት አለ።
በአውቶቡስ አራት ሰዓት ሄጄ፣ ፎቶው ላይ ያለው ቦታ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ሲያየኝ ገመዱ ከእጁ ወደቀ።
"ድንቢጥ" አለኝ። እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነበር።
እያቆራረጠ ነገረኝ። ያን ቀን ማዕበል እንደሚነሣ አስጠንቅቀውት ነበር። ጎብኚዎቹ፣ ባልና ሚስት፣ ፏፏቴውን ከውሃው በኩል ካላየን ብለው ለመኑት። ይዟቸው ወጣ። የመንሳፈፊያ ጃኬት እንኳን አላለበሳቸውም። ጀልባዋ ስትገለበጥ እሱ ዋኝቶ ዳነ። የነሱ ሬሳ በሦስተኛው ቀን ወጣ። የሱን ሬሳ ሰው ፈልጎ ሲያጣ፣ ሐይቁ አስቀረው ተባለ። ይህን ማዶ ሆኖ ሰማ። ሰምቶ ዝም አለ።
"ሞቼ መቅረቱ ቀለለኝ" አለ።
ቀለለው! እማዬ ስንት ጊዜ ታማ ተነሣች... ልመታው እጄን አነሣሁ። ፀጉሩ ሸብቷል። አልመታሁትም። አላቀፍኩትምም።

ጥቅምት 9
ነገርኳት። ድንች እየላጠች ነበር። ትጮሃለች ብዬ ጎረቤታችንን ጠርቼ ደጅ አስቀምጫለሁ። አልጮኸችም። ቢላዋውን አስቀምጣ፣ ከነገ ወዲያ ትወስጂኛለሽ አለች። ነገ ለምን አይሆንም? አልጠየቅኳትም።

ጥቅምት 11
ምን ዓይነት ሴት ናት የወለደችኝ?
እግሯ ላይ ወደቀ። አላነሣችውም። ከላይ ወደ ታች አይታው፣ ባልና ሚስቱ ልጅ ነበራቸው ወይ ብላ ጠየቀችው። አንዲት ሴት ልጅ እንዳለቻቸው ያን ቀን ጀልባ ላይ ሲያወሩ ሰምቷል።
"ያቺ ልጅ እናትና አባቷ እንዴት እንደሞቱ እንድታውቅ አንተ ሳትናገር እኔ ልጄን አላቅፍም" አለችው። "ሂድና እጅህን ስጥ። እኔ የትም አልሄድም።"
በደስታ ራሷን ትስታለች ብዬ ውሃ በጠርሙስ ይዤላት ነበር። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ እጄን አጥብቃ ያዘችው። እስካሁን ያመኛል።

ጥቅምት 15
ዛሬ ጠዋት ብቻውን ፖሊስ ጣቢያ መጥቶ እጁን ሰጠ። መርማሪው መጀመሪያ አላመነውም አሉ፤ መዝገብ አገላብጦ፣ አንተ እኮ ሞተሃል ብሎታል። ፍርድ ቤት እስኪቀርብ እዚያው ይቆያል። የልጅቷን አድራሻ እንዲያፈላልጉለት እሱ ራሱ ለምኗል።
ምሳ ይዘንለት ሄድን። በሩ ላይ ያለው ጠባቂ፣ ምግቡ ለማን ነው ብሎ እማዬን ጠየቃት።
"ለሟቹ ልጄ" አለች።
ሰባት ዓመት የለመደ አፍ... ጠባቂው ቀና ብሎ አያት። እሷም ያለችውን ሰማችው። ልናገርላት ስል በክርኗ ገፋችኝ።
"ለልጄ" አለች።
ከውስጥ ይዘውት ሲመጡ ሳህኑን ለኔ አቀበለችኝና ሁለት እጇን ዘረጋች።