ቱቦውን ማን ጠገነው?

ጥቅምት 12፣ ዓርብ
ሁለት ክፍለ ጊዜ ፊዚክስ አስተማርኩ። የፈተና ወረቀቱ ግማሹ ሳይታረም ቀረ። ከሰዓት ምድር ቤት ወዳለው የመስታወት ወርክሾፕ ወረድኩ። ጋሽ እፍ ብቻቸውን ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪዎች መስታወት ሲነፉ ኖረው፣ ከዚህ ቅጽል ስም በቀር እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ የለም።

ከዕቃ ግምጃ ቤት ያገኘሁትን አሮጌ የመስታወት ቱቦ አሳየኋቸው። ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው፣ ክንድ የሚያህል፣ በሁለቱም ጫፍ ሽቦ የገባበት። ውስጡ እንጥፍጣፊ ጋዝ ብቻ እያለው ኤሌክትሪክ ሲላክበት ማብራት ነበረበት። አሁን አየር ገብቶበታል። ሽቦው መስታወቱን በሚበሳበት ቦታ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች።

«ይድናል ጋሼ?»
«በሽተኛው ሽማግሌ፣ ሐኪሙም ሽማግሌ... እስቲ እናያለን።»

ጥቅምት 26፣ ዓርብ
ዳነ!
ሦስት ጊዜ ሞከሩ። ሽቦው ፕላቲኒየም ነው፤ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም ከመስታወቱ እኩል ስለሚለጠጥና ስለሚኮማተር አይሰነጥቀውም አሉኝ። የፊዚክስ ዶክተር ነኝ ባይዋ ዛሬ ሰማሁ። እሳቱ ላይ እያዞሩ፣ በቀጭን ጎማ ትንፋሽ እየላኩበት... ላባቸው ጠብ ጠብ ይል ነበር። ከዚያ ሙሉ ቀን ምድጃ ውስጥ ቀስ ብሎ ቀዘቀዘ። የኔ ሥራ? ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየት።

ዛሬ አየሩን በፓምፕ መጠጥንለት። መጀመሪያ እንደ ክር የቀጠነ ብልጭታ። ቀጥሎ ሮዝ ብርሃን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞላው። አየሩ ሲሳሳ ደግሞ ብርሃኑ ተቆራርጦ እንደ አዝራር ተደረደረ። ማግኔት ሳስጠጋ ጎበጠ። እንደ ልጅ ጮህኩ።
«እፍ እፍ ክንፍ ያልኩለት ይሄ ነው» ብለው ሳቁ።

ኅዳር 9፣ ሐሙስ
ያዘጋጀሁት የአሮጌ መሣሪያዎች ኤግዚቢሽን ተከፈተ።

ንግግሬ ጥሩ ነበር። እንዲህ ያለውን ቱቦ መጀመሪያ የሠራው ጋይስለር የሚባል ሰው ፕሮፌሰር ሳይሆን መስታወት ነፊ እንደነበር ተናገርኩ። በቱቦው የተመራመረው ፕሮፌሰር ፕሉከር ደግሞ በራሱ ሳይሆን በሠሪው ስም እንደጠራው... «ክብር ለሠሪው እጅ!» አልኩ። ተጨበጨበ።

ከዚያ ሊቀርጽ የመጣው የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ፣ «ይሄኛውንስ ማን ጠገነው?»
«እኔ... ብዙ ሳምንት ደክሜበታለሁ።»

ይሄ ውሸት ከየት መጣ? ካሜራው ነው? ጭብጨባው? ጋሽ እፍ ሁለት እርምጃ ርቀው ገመድ እያስተካከሉ ነበር። ቀና አላሉም።

ኅዳር 10፣ ዓርብ
እማ ደወለች። «አየሁሽ እኮ! በገዛ እጇ ጠገነችው ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ!»
«እሺ እማ» አልኳት። እሺ!

ኅዳር 13
በጀርባ በር ገባሁ። በወርክሾፑ በኩል ላለማለፍ።

ኅዳር 20፣ ሰኞ
ዲኑ አስጠራኝ። «ባለሙያ ነሽ ለካ! አንቺው ከቻልሽው ታዲያ ያን ወርክሾፕ ለምን እናቆየዋለን? ክፍሉ ለኮምፒውተር ይፈለጋል። ሽማግሌውም ይረፉ። ደብዳቤ ጽፌላቸዋለሁ።»
«ላስብበት» ብዬ ወጣሁ። ምኑን ነው የማስበው?

ኅዳር 21፣ ማክሰኞ
ወረድኩ። ጋሽ እፍ መሣሪያዎቻቸውን በጋዜጣ ይጠቀልላሉ።
«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት...»
«ስለ ደብዳቤው ከሆነ የጻፈው ዲኑ ነው።»
«ስለ ቴሌቪዥኑ ነው።»
እጃቸውን አቆሙ። «እኔስ ግድ የለም። ለባለቤቴ ግን የሠራሁት ዛሬ ይታያል ብያት ነበር። ማታ ሥራዋን ጥላ አብራኝ ተቀምጣ ስታይ ነበር። አንቺ ስትናገሪ ዞር ብላ አየችኝ... ሠላሳ ዓመት የነገርኳት ሁሉ ውሸት የመሰላት መሰለኝ።»
መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ኅዳር 24፣ ዓርብ
የመምህራን ስብሰባ። እጄን አወጣሁ።
«ቱቦውን እኔ አልጠገንኩም። የመስታወት እሳት እንኳ ይዤ አላውቅም። የጠገኑት ጋሽ እፍ ናቸው።»
ዲኑ፣ «ታዲያ ያን ለት ለምን እንደዚያ አልሽ?»
«ዋሸሁ።»
ከኋላዬ አንዱ ሲስቅ ሰማሁ። ጆሮዬ ጋለ። ግን አልተቀመጥኩም፤ ወርክሾፑ ቢዘጋ የትኛው ላቦራቶሪ ምን እንደሚያጣ አንድ በአንድ ተናገርኩ።

ለእማ መንገር ከዚህም ባሰ። «ለጎረቤት ምን ልበል?» አለች።
«ልጄ ዋሸች በያቸው እማ።»
ስልኩን ዘጋችው።

ታኅሣሥ 15፣ ዓርብ
የዲኑ ደብዳቤ ተሻረ፤ ወርክሾፑ ለሁለት ዓመት ይቆያል። የኤግዚቢሽኑን ኃላፊነት ከኔ ወስደው ለባልደረባዬ ሰጡት። ይገባኛል። የቱቦው መግለጫ ላይ የጋሽ እፍ ሙሉ ስም ከነአባታቸው ተጽፏል። ቴሌቪዥኑ ግን ተመልሶ አልመጣም። ማን ለእርማት ካሜራ ይልካል?

ዛሬ ጋሽ እፍ ባለቤታቸውን ይዘው መጡ። አጭር፣ ቀጥ ያሉ ሴትዮ። ቱቦውን አበራሁላቸው። «የቱ ጋ ነው የእሱ ሥራ?» አሉ። ሽቦው የገባበትን ቦታ በጣቴ አሳየኋቸው። አጎንብሰው ብዙ ቆዩ። ጋሽ እፍ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ፣ እንደ ሙሽራ አፍረው።

ከዚያ ሴትዮዋ ወደኔ ዞሩ። «ቴሌቪዥን ላይ ያየሁሽ አንቺ ነሽ?»
«አዎ፣ እኔ ነኝ።»
ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ቁጣ የለበትም። ያ ነው የገደለኝ።
«ምን አጥተሽ ነው ልጄ?»
ብዙ ሰበብ አፌ ላይ መጣ። ሁሉንም ዋጥኩት።
«ምንም አላጣሁም ነበር እናቴ» አልኳቸው።