ከእህትህ ጋር ባሕር ወረድን

ውድ ሀብቶሜ፣

ከተለያየን ወዲህ በረዶው ለሁለተኛ ጊዜ መቅለጥ ጀምሯል። እዚህ አገር ዘመን የሚቆጠረው በእሱ ስለሆነ እኔም በእሱ ቆጠርኩልህ።

እኛ ደኅና ነን። ልጃችን ሔለን ዉድበሪ በሚባለው ከተማ፣ ከምትሠራበት ሆስፒታል አጠገብ አፓርትመንት ይዛ ወጥታለች፤ በየቀኑ ትደውልና ምን እንደበላሁ በእንግሊዝኛ ትመረምረኛለች። አንተ የምትተኛበትን የአልጋ ወገን መጻሕፍት ወርሰውታል። የማሞቂያውን ቴርሞስታት ሰማንያ ፋራናይት ላይ የሚሰቅል ስለጠፋ ቤቱ ወደ ሰው ቤትነት ተመልሷል፤ በአንተ ጊዜ ዳቦ ቤት ነበር። መኪናህን ጠዋት ጠዋት ስታርት አደርጋታለሁ፤ አሁንም ታስላለች።

ዋናውን ነገር ላላዘግየው። ከአስካሉ ጋር ባሕር ወረድን። አዎ፣ ከእህትህ ጋር። አዎ፣ ከውሃው በታች። ሳቅህን ስትጨርስ ቀጥል።

ከቀብርህ ወዲህ አስካሉ እንዳላነጋገረችኝ ምናልባት አልሰማህም። እሷ ምጽዋ ይቀበር አለች፤ እኔ ልጁ ባለችበት ይሁን አልኩ፤ የእኔ ቃል ጸና። ጥር ላይ ስለነበር መሬቱን በማሽን ሰብረው ነው የቆፈሩልህ፤ አስካሉ ያን ድምፅ ቆማ ሰማችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ ባሕር ዳር ያደገ፣ በዚህ አገር የሐምሌ ሙቀት ሹራብ የሚለብስ ሰው በረዶ ውስጥ ከተተችው። ከምትኖርበት ከኩን ራፒድስ እስከ መቃብርህ ድረስ በመኪና ቅርብ ነው፤ አንድም ቀን ግን አልመጣችም። ከእኔም ጋር የምትነጋገረው እንደ ተኳረፉ መንግሥታት በአማላጅ፣ በሔለን በኩል ነበር። እኔ እንደ ልማዴ አነበብኩና መልስ ላክሁባት፦ ውርጩ እስከ ተወሰነ ጥልቀት ድረስ ይወርዳል እንጂ ከዚያ በታች ያለው አፈር አይቀዘቅዝም። በማግሥቱ ምላሹ ደረሰኝ፤ «ወንድሜን በመጽሐፍ አታሞቂውም በያት።» ማንበብ በማብዛቴ ከተሰደብኳቸው ስድቦች ሁሉ በጥራት አንደኛው ይኸ ነው።

ወደ ባሕሩ ልመለስ። አንተና እሷ በየዓመቱ «ዘንድሮ ሞቃት ባሕር እንሄዳለን» ትሉ አልነበር? መንገደኛ የሚያመላልሰውን የኤርፖርት ሻትል ስትነዳ፣ በየካቲት ፊታቸው ተጠብሶ የሚመለሱትን መንገደኞች እያየህ «ባሕሬን አይተው መጡ» እያልክ በቅናት ትገባ ነበር። ባለፈው መኸር አስካሉ ብቻዋን ስኩባ ልትማር ተመዘገበች። ሚኒሶታ ውስጥ ሰው ባሕር መጥለቅ የሚማረው ውጭው ሲበርድ፣ በትምህርት ቤት የዋና ገንዳ ውስጥ ነው፤ ይህ ያሳቀው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። የትምህርቱ የመጀመሪያ ሕግ ብቻውን የሚወርድ የለም የሚል ነው። እያንዳንዱ ሰው ጥንድ አለው፤ የጥንድህን አየር ትቆጣጠራለህ፣ ማሰሪያውን ትፈትሻለህ፣ ከዓይንህ አታርቀውም። አስካሉ ጥንድ አልነበራትም። ሔለን እኔ አለሁ አለቻት፤ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ግን ሺፍቴ ተለወጠ ብላ እኔን ላከችኝ። የነርስ ሺፍት እንዲህ በጥበብ ሲለወጥ አይቼ አላውቅም። ሐኪም ለጉልበቴ ያዘዘልኝ ዋና እንዲህ ያለ ጣጣ ያመጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ሐዘኔን አፈረሰች ብለህ እንዳትቀየም። ዓመትህ ገና አልወጣም ነበር፤ የመጥለቂያው ልብስ ግን ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ጥቁር ነው። የማኅበር ሴቶች እንኳ ጠበበሽ ከማለት በቀር እንከን አላገኙበትም።

ገንዳው ዳር አቁሞ መምህሩ ተፈታተሹ አለን። እጄን አልጨብጥም ያለች ሴት ቀበቶዬን ጨብጣ ጠበቅ አደረገችው፤ ከሚያስፈልገው በላይ። እኔም የአየር ሲሊንደሯን ማሰሪያ ሳብ አድርጌ መለስኩላት። ቃል አልተነጋገርንም፤ ውሃ ውስጥ ደግሞ የሚናገር ስለሌለ ማንም አላወቀብን። ኮርሱን እንዲሁ ጨረስነው። መምህሩ፣ በጣም የምትግባቡ ጥንዶች ናችሁ ብሎ አመሰገነን።

በየካቲት ኮዙሜል የሚባል የሜክሲኮ ደሴት ሄድን። ጀልባዋን ነፋሱ እንደ ወንፊት ነፋት፤ ቁርሴን ለባሕሩ መለስኩ። አስካሉ ይህን በግልጽ ደስታ ተመለከተች። ከዚያ ወረድን።

ሀብቶሜ፣ ጥቂት ዝቅ ስትል ነፋሱ የለም። ማዕበሉ ከበላይህ እንደ ጎረቤት ጭቅጭቅ ያልፋል እንጂ አንተ ጋ አይደርስም። ውሃው ለብ ያለ ነው። አንተ መርጃን የምትለው ኮራል፣ የባሕሩ ድንጋይ፣ ከፊሉ ጥቅል ጎመን፣ ከፊሉ የአጋዘን ቀንድ ይመስላል፤ ዓሦቹ ማንም ልብስ ሰፊ ደፍሮ የማያጣምረውን ቀለም ለብሰዋል። ያን ሁሉ ዓመት ስለ ባሕርህ ስትነግረኝ ግማሹን እየቀነስኩ ነበር የምሰማህ። የቀነስኩትን መልሼልሃለሁ።

ሌላው ሰው ሁሉ እጁን እያወራጨ ይዋኛል። አስካሉ ግን ሁለት እጇን ከኋላዋ አቆላልፋ፣ አንገቷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ፣ በእግሯ ብቻ ዝግ ብላ በኮራሉ መካከል ታልፋለች። አንድ ነገር ዓይኗ ሲገባ ቆም ትላለች፣ ትመረምረዋለች፣ ሳትነካው ታልፈዋለች። አንተ ግሮሰሪ ውስጥ ቲማቲም የምትጎበኘው ልክ እንዲህ ነበር። የእርጅና አመል ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሁለታችሁም ገና በልጅነታችሁ ከምጽዋ ባሕር ነው ያመጣችሁት። መተንፈስ እንዳታቋርጡ ብለው አስተምረውናል፤ አቋረጥኩ። ጥንዴ ናትና ዞር ብላ አየችኝ፤ በጣቶቿ ቀለበት ሠርታ ደኅና ነሽ ብላ ጠየቀችኝ። ገንዳው ውስጥም ይህን ምልክት ተለዋውጠናል፤ ያ ግን ለመምህሩ ነበር። ደኅና ነኝ ብዬ ቀለበት ሠራሁላት።

ጀልባው ላይ ስንወጣ ነፋሱ እንደነበረ ነው። ፎጣ ተከናንባ፣ ፊቷን ሳታዞር «ታች ነፋስ የለም» አለች። የለም አልኳት። «ያ መጽሐፍሽ፣ ስለ መሬቱ የሚለው፣ እውነት ነው?» እውነት ነው፣ ውርጩ ከላይ ይቀራል፣ እሱ ጋ አይደርስም አልኳት። «ታዲያ ይህን ያህል ጊዜ ለምን አትነግሪኝም!» ብላ ጮኸችብኝ። በሔለን በኩል ስንት ጊዜ እንዳስነገርኩ ላስታውሳት አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ይህችን ሙያዬን ያዝልኝ።

ባለፈው እሑድ አብረን አንተ ዘንድ መጣን፤ ነበርክና ታውቀዋለህ። በረዶው ከሸሸበት ርጥብ ሣር ላይ መዳፏን አሳርፋ ቆየች። ከዚያ ታጣፊ ወንበር ዘርግታ የሆነውን ሁሉ በትግርኛ ትነግርህ ጀመር። አንተ ለማስተማር ሰንፈህ ትግርኛዬ ግማሽ ላይ ቢቀርም፣ ብዙውን ተከተልኩ። ታች ያየናቸው ሻርኮች ሦስት ነበሩ አለችህ። አንድ ነበር፤ ትንሽ፣ እሱም ተኝቶ። ሚስትህ ፈርታ እጄን ያዘችኝ አለችህ። የያዘችኝ እሷ ናት፤ እስክንወጣ ድረስ አልለቀቀችኝም።

አላረምኳትም። አንተ እንዴት እንደነበርክ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ እኔ አስታውሳለሁ። መጨመሩን አስካሉ ትችልበታለች።

ባለቤትህ